የሚነድ ደን እንዴት ይሣላል?

የደን ቃጠሎ ለሠዓሊ አስቸጋሪ ጉዳይ ነው። ነበልባል ሲያዩት ያምራል፤ ያማረ ሥዕል ደግሞ እሳቱን ማን እንደለኮሰው፣ ማንስ እንደተጎዳ ሳያስጠይቅ ተመልካቹን አስደንቆ ሊሸኘው ይችላል። በሕግ ቋንቋ፣ ጉዳቱ ተመዝግቦ ተጠያቂው ያልተጠራበት መዝገብ እንደማለት ነው።

ይህን ችግር ከተጋፈጡት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የሠራችው «ሂኔኒ» የተሰኘ ትልቅ ሸራ በፓሪሱ የፖምፒዱ ማዕከል ይገኛል። መነሻው የእሳት ፎቶግራፎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ካሊፎርኒያን ያጋየው ሰደድ እሳት፣ እንዲሁም በምያንማር የተቃጠሉት የሮሂንጋ ሕዝብ ቤቶች። ምስሎቹን በኮምፒዩተር አደብዝዛ ቀለማቸውን ከሥር አኖረች፤ በላዩም በጥቁር ቀለም ሣለችበት። ተመልካቹ የትኛው ነበልባል ከድርቅ፣ የትኛው ከሰው እጅ እንደመጣ መለየት ያቅተዋል። ጥያቄውም ይኸው ነው።

«ሂኔኒ» በዕብራይስጥ «እነሆኝ» ማለት ሲሆን፣ ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት የሰጠው መልስ ነው። ነድዶ ያልተቃጠለው ዕፀ ጳጦስ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችን ምሳሌ ነው። የዛሬው ደን ግን ነድዶ ያልቃል።

በአገራችን የአየር ንብረት መከራ ወደ ሥዕል የገባው በእሳት ሳይሆን በድርቅ በኩል ነው። እሸቱ ጥሩነህ እ.ኤ.አ. በ1974 የሣለው የረሃብ ተጎጂዎች ጉዞ የወሎንና የትግራይን እልቂት ዘመን ያስታውሳል። አይዳ ሙሉነህም እ.ኤ.አ. በ2018 ዳሎል ላይ ባነሳቻቸው ፎቶግራፎች ውኃ ፍለጋ የሴቶች ሸክም መሆኑን አሳይታለች። ሁለቱም የሳሉትና ያነሱት ሰውን ነው፤ ስለዚህም አልተረሱም።

ቃጠሎው ግን አልጠፋም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ከ100 ሺሕ ሄክታር በላይ ደን ነድዷል። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። የደን አዋጁ (ቁጥር 1065/2010) በደን ውስጥ እሳት መለኮስን ይከለክላል። ክልከላው የለኮሰውን ሰው ይይዛል፤ ደኑን ያደረቀውን ሙቀት ግን የሚከስ የለም።

በቁሓ የሚኖር ወጣት ሠዓሊ ታዲያ ምን ይሣል? ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ከመቐለ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ደጋው ወደ አፋር በሚወርድበት አፋፍ ላይ የደስአ ደን አለ። ጥዱና ወይራው በድርቅ፣ በግጦሽና በማገዶ ለቀማ እየሳሳ፣ ቆሞ እየደረቀ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራትና ነዳጅ ሲቋረጥ፣ የትግራይ ሕዝብ ፊቱን ወደ እንጨትና ከሰል አዞረ። ይህም ቃጠሎ ነው፤ በየጓዳው፣ በየምድጃው የነደደ፣ ነበልባሉ ከሩቅ ያልታየ።

ከሰል የሥዕል ተማሪ መጀመሪያ የሚጨብጠው መሣሪያም ነው። በዚያው ከሰል የደረቀውን ጥድ፣ እሱን ቆርጣ ልጆቿን ያበሰለችላቸውን እናትና ሌላ ምርጫ ያሳጣትን በአንድ ወረቀት ላይ ማኖር ከተቻለ፣ መዝገቡ የተሟላ ይሆናል። እናቲቱን ብቻ ጥፋተኛ አድርጎ የሚያቀርብ ሥዕል ግን ፍርዱን አዛብቷል።