ገንዘብ ያልቀረጸው ንጉሥ

ላሊበላ ላይ «የንጉሥ ላሊበላ ገንዘብ ነው» ብሎ ሳንቲም የሚያቀርብልዎት ሰው ቢኖር ሚዛንም ማጉያ መነጽርም አያስፈልግም። በስሙ የሚጠሩት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የቆሙለት ንጉሥ በስሙ የተቀረጸ ሳንቲም የለውም። አክሱም ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ስትቀርጸው የኖረችው ገንዘብ በ7ኛው መቶ ዓመት ቆመ። የላሊበላ ሥርወ መንግሥት የሆኑት ዛጉዌዎችም አላስነሡትም። ሐረር የአሚሮቿ መሐለቅ ነበራት፤ የደጋው ነገሥታት ግን ምኒልክን ጠበቁ።

የላሊበላ አገር ላስታ ታዲያ በምን ገበየ? በእህል፣ በጨርቅና በጨው። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ገንዘብ እንደነበር ጽፏል። ከአፋር ዝቅታ ተጠርቦ የሚመጣው አሞሌ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ይወደድ ነበር፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይሟሟል። ለሰብሳቢ ምንም አልተረፈም፤ ገንዘቡ ወጥ ውስጥ ገብቷል!

በሽማግሌ ሣጥን ወይም በእናት አንገት ላይ የሚገኘው እንግዲህ በአብዛኛው ጠገራ ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት ብር። ዓመቱን አይመኑ። ሁሉም 1780 ይላሉ፤ ንግሥቲቱ በዚያው ዓመት ብትሞትም ቪየና ዓመቱን ሳትለውጥ ማተሟን ቀጠለች። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ቅርጹን ከኦስትሪያ ተቀብላ ሮም ላይ ቀረጸች፤ ለንደንና ቦምቤይም ተከተሉ። በእጅዎ ያለው ጠገራ እንግዲህ ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀው ገንዘብ መካከል የነበረ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መመዘን ነው፤ 28 ግራም ያህል ይሆናል፣ ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከምናምን ንጹሕ ብር ነው። የጥንቱ ገበያተኛ በንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች እያየ፣ ተሻሽተው ከጠፉ አልቀበልም ይል ነበር። ዛሬም አንጥረኛ ማንጠልጠያ በበየደበት ወይም ባለቤቱ በአመድ ባሸው ጠገራ ላይ ሰብሳቢ ብዙ አይከፍልም፤ ዋጋው የብሩ ክብደት ብቻ ይሆናል። ወላጅ ያወረሰውን ጌጥ ለዚያ ዋጋ መስጠት ለእኔ ኪሳራ ነው።

ከምኒልክ ብር ጋር ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ፓሪስ ላይ የተቀረጸው የመጀመሪያው ፲፰፻፹፯ የሚል ነው፤ አንበሳው መስቀል ያለበት ሰንደቅ ይዞ አንድ እግሩን አንሥቷል፣ በአንዳንዱ ግራውን፣ በሌላው ቀኙን። ሰብሳቢዎች ይህቺን እግር አጥብቀው ያያሉ። ዓመቱን በፈረንጅ የሚያነብ ነጋዴ ግን ሳንቲሙን ሰባት ዓመት ያስረጀዋል። ሕዝቡ ጠገራን ስለመረጠ የምኒልክ ብር ያን ያህል እጅ ለእጅ አልተሻሸም፤ ጥርት ያለ ጽሑፍ ስላለው ብቻ ሐሰተኛ ነው ማለት ስሕተት ነው።

የአክሱም ሳንቲም ከቀረበልዎት ዋጋውን አይጠይቁ። ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል።