«መዝገቡ ይታይልኝ»



ላንጋኖን የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው በዕረፍት ቀኑ ነው፤ ቡናማውን ውኃ፣ ዳርቻውን፣ ከከተማ ጫጫታ ርቆ ማደሩን። እኔ ግን ዛሬ ልወስዳችሁ የምፈልገው በሐይቁ ዙሪያ ወዳሉት የፖሊስ ጣቢያዎች መዝገብ ቤት ነው። በዚያ አካባቢ ሰው ውኃ ቢወስደው፣ ቢገደል፣ ቤቱ ቢቃጠል ወይም ልጁ ታፍሶ ቢሄድበት ነገሩ በጣቢያው የዕለት ሁኔታ መዝገብ ይሰፍራል፤ ቢያንስ ሊሰፍር ይገባዋል። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ባለጉዳዩ ቀርቦ «መዝገቡ ይታይልኝ» ቢል የሚሰማው ማን ነው? የታሪካችንን ገጾች ሳገላብጥ ያገኘሁት መልስ አያኮራም፤ የፖሊስና የጸጥታ መዝገብ በብዛት ለሕዝብ ዓይን የበቃው የጻፈው መንግሥት ሲወድቅ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ፖሊስ የሚባል ተቋም ገጠሩን ከመርገጡ በፊት፣ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ወንጀል ይጣራ የነበረው በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ነው። የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየም የሰማም ይጠየቃል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድም የደም ጉዳይ በሽማግሌዎች ፊት በጉማ ሥርዓት ይታይ ነበር፤ ዛሬም ይታያል። ይህን የማነሣው ያለፈውን ለማስዋብ አይደለም። አፈርሳታ ድኻውን ከእርሻው አስቀርቶ ለቀናት ያጉላላ ነበር፤ ወንጀለኛው ሲጠፋም ዕዳው በመንደሩ ሁሉ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። ሆኖም የተባለው ሁሉ በሰው ፊት የተባለ ነው። መዝገቡ የሕዝቡ ጆሮ ነበርና «አሳዩኝ» ብሎ ደጅ የሚጠና ሰው አልነበረም።

ወረቀቱ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ለዘመናዊው ፖሊስ ሕጋዊ መሠረት ሰጠው፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የአቤቱታን አቀባበል ደነገገ። በዚህ ሕግ መሠረት የአቤት ባዩ ቃል በጽሑፍ ይሰፍራል፣ ይነበብለታል፣ ቀን ጽፎ ይፈርምበታል፤ የተያዘ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ለዘመኑ መልካም ሕግ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ፊደል ያልቆጠረው የሐይቁ ዳር ገበሬ አውራ ጣቱን አሳርፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የገዛ ቃሉ ከጣቢያው ሳጥን ውስጥ ቀርቶ የመንግሥት ንብረት ይሆናል።

በላንጋኖ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይደረባል፤ ሐይቁ ራሱ ወሰን ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምዕራባዊው ዳርቻ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ዋና ከተማው ዝዋይ በሆነው በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበር፤ ምሥራቃዊው ዳርቻ ግን የአርሲ ነው፤ ጉዳዩ ወደ አሰላ ይሄዳል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ሁለቱም ወገን በኦሮሚያ ውስጥ ገባ፤ የዞኑ ወሰን ግን አሁንም ሐይቁ ላይ ነው። ከዚያም ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በፊት ምዕራብ አርሲ የሚባል ዞን ሲመሠረት አርሲ ነገሌ ከምሥራቅ ሸዋ ወጥታ ሻሸመኔን ተከተለች። ዝዋይ ባቱ ተባለች። የመዝገቡ ቋንቋም ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ፊደሉም ወደ ቁቤ ተሻገረ፤ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ መጻፉ ተገቢ ነበር፤ ግን የአያቱን ጉዳይ የሚፈልግ የልጅ ልጅ አሁን ሁለት ፊደል ያስፈልገዋል። አንድ የአርሲ ነገሌ ሰው የ1960ዎቹን ፋይል ቢፈልግ ዝዋይ ልሂድ፣ ሻሸመኔ፣ የምሥራቅ ሸዋ ዋና ከተማ አዳማ ወይስ የት? የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ ማወቅ ብቻውን አንድ ጉዳይ ነው። (የተነቀለ ወሰን ይዞት የሚሄደው ሰውን ብቻ ይመስለናል፤ ፋይልም ይሰደዳል።)

መዝገብ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ያየነው ደርግ ሲወድቅ ነው። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ከመክሰሱ ሌላ የተፈጸመውን ግፍ ለታሪክ የመመዝገብ አደራም ተሰጥቶት ነበር። የሰበሰበው ሰነድ ከ300 ሺህ ገጽ በላይ ሆነ። ጉዳዩ አስደንጋጭ የሚሆነው ሰነዱን የጻፉት ተጎጂዎች ሳይሆኑ ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። የእስሩ ትእዛዝ፣ «አብዮታዊ ርምጃ» የተወሰደባቸው ሰዎች ዝርዝር፣ ፊርማና ማኅተም፤ ሁሉም በወጉ ተሰድሯል። በ1989 ዓ.ም. ክስ የቀረበባቸው 5,198 ሰዎች ሲሆኑ ከእነዚህ 2,246ቱ በእስር ላይ ነበሩ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ የተባለው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ገዳይ ለአለቃው ሪፖርት ማድረግ ስላለበት ይጽፋል፤ የጻፈው ወረቀት ደግሞ አንድ ቀን ይመሰክርበታል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በጓቲማላ መንግሥት ለእውነት አጣሪ ኮሚሽኑ «እንዲህ ያለ መዝገብ የለም» ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በዋና ከተማዋ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ 80 ሚሊዮን ገጽ ገደማ የሚገመት የብሔራዊ ፖሊስ ሰነድ ተቆልሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደብዛው በጠፋው ኤድጋር ፈርናንዶ ጋርሲያ ጉዳይ ሁለት የቀድሞ ፖሊሶች በ2010 የተፈረደባቸው ከዚያ ክምር በወጣ ወረቀት ጭምር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት!

የእኛ ሕግ ግን መንግሥት እስኪወድቅ መጠበቅን አያዝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29ም የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ያነሣል። ከዚያ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መጣ። ጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ደነገገ፤ መጻፍ ለማይችል ሰው የቃል ጥያቄውን ኃላፊው በጽሑፍ እንዲያሰፍርለት አደረገ፤ የአዋጁን ተፈጻሚነት እንዲከታተል ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሥልጣን ሰጠ። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣም የመረጃ ነፃነቱን ክፍል አልሻረውም።

አዋጁ የማይከፈቱ በሮችም አሉት፤ የወንጀል ምርመራ አንዱ ነው። በመርሑ እስማማለሁ። የጠቋሚ ስም አደባባይ ከወጣ ነገ የሚመሰክር አይገኝም፤ ተጠርጥሮ በነፃ የተለቀቀም ሰው ስሙ የመንደር ወሬ እንዲሆን አይገባም። ነገር ግን «ምርመራው አላለቀም» የምትለው ሐረግ ጊዜ የማይሽራት ቁልፍ ከሆነች አዋጁ ጌጥ ነው የሚሆነው። በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ጣቢያ ስንት ሰው ታሰረ፣ ስንት ሰው ሞቶ ተመዘገበ የሚለው የምርመራ ምስጢር ነውን? አይመስለኝም።

ይህ ጥያቄ በላንጋኖ ዙሪያ የመጽሐፍ ክርክር አይደለም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ሰው ካለቀ በኋላ በነበሩት ቀናት ቁጣው ወደ ሐይቁ ደርሶ የቢሻንጋሪ ሎጅ ተዘርፎ ተቃጠለ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት በሁከቱ በድምሩ 669 ሰው መሞቱን፣ ከዚህም 495ቱ በኦሮሚያ መሆኑን ተናገረ። እኛም ቁጥሩን ሰምተን ወደ ሥራችን ተመለስን።

ሁለተኛው ጊዜ የሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ነው፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.። ሻሸመኔ፣ ዝዋይ፣ አርሲ ነገሌ፣ አዳማ ምን እንዳዩ አንባቢ አይረሳም። የኦሮሚያ ፖሊስ በቀጣዮቹ ቀናት በክልሉ 215 ሲቪሎች፣ 9 ፖሊሶችና 5 ሚሊሺያዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ኢሰመኮ ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ያወጣው ምርመራ ግን፣ ባያቸው 40 አካባቢዎች ያረጋገጠውን ሲቆጥር 123 ሟቾችን አገኘ፤ ከእነዚህም 76ቱ በጸጥታ ኃይሎች የተገደሉ ናቸው አለ። ሁለቱም ወገን የዋሸ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ በአካል ተገኝቶ ያረጋገጠውን፣ ሌላው ከየጣቢያው የተላከለትን ቆጥሮ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ከመቶ ሰው በላይ ነው። የእነዚህ ሰዎች ስም፣ የሞቱበት ሰዓትና ማን እንደ ገደላቸው በጽሑፍ ካለ፣ ያለው በባቱ፣ በአርሲ ነገሌ፣ በሻሸመኔና በሌሎቹ ጣቢያዎች የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ፣ ከሰኔ 23 ጀምሮ ባሉት ገጾች ነው።