የአያቶቻችን የብር ጌጥ፡ እንዴት ይለያል? እንዴት ይሰበሰባል? ሕጉስ ምን ይላል?

በአማርኛ ገንዘቡም ማዕድኑም ስማቸው አንድ ነው፤ ብር፡፡ ነገሩ ያለ ምክንያት አልሆነም፡፡ ለረጅም ዘመን በአገራችን ገበያ ገንዘብ ሆኖ የኖረው ራሱ ማዕድኑ ነበር፡፡ ያው ገንዘብ ሲፈለግ እየቀለጠ ድሪ፣ አምባር፣ አልቦ፣ ጉትቻና የአንገት መስቀል ይሆን ነበር፡፡ ባለቤቷ ሲቸግራት ደግሞ ጌጡ ተመዝኖ ይሸጣል፡፡ የጥንት የብር ጌጥ መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ነገሩን ከዚህ ቢጀምር ይበጀዋል፡፡

ሙያዬ ሕግ በመሆኑ፣ አሮጌ ብርም ጥቂት በጥቂት ስለምሰበስብ፣ ወዳጆቼ ሁለት ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፡፡ «ይህ ዕቃ እውነተኛ ብር ነው ወይ?» የሚለው አንዱ ሲሆን፣ «መግዛቱስ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ሌላው ነው፡፡ የመጀመሪያውን ሚዛን ይመልሰዋል፡፡ ሁለተኛውን ሕግ ይመልሰዋል፡፡ ብዙዎቻችን ግን ዕቃውን ከገዛን በኋላ ነው የምንጠይቀው፡፡

ማርትሬዛ፣ የጌጦቹ ጥሬ ዕቃ

አባቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ ነው፡፡ ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፡፡ ገንዘቡ ግን ከሞተች በኋላም ያው 1780 የሚለው ዓመት እየተጻፈበት መታተሙን ቀጠለ፡፡ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ጭምር ታትሟል፡፡ ኢጣሊያም እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዳ ራሷ አትማዋለች፡፡ ስለዚህ «1780 ስለሚል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም፣ ዓመቱ የገንዘቡን ዕድሜ እንደማይናገር ማወቅ ያስፈልጋል፡፡

የአንዱ ማርትሬዛ ክብደት 28.07 ግራም ገደማ ነው፡፡ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው፡፡ ንጹሑ ብር ብቻውን 23.39 ግራም ይሆናል፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸው ምስል ያለበትን ገንዘብ በፓሪስ ቢያሳትሙም ሕዝቡ ከማርትሬዛው በቀላሉ አልተላቀቀም፡፡ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውልም፣ 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት የሃምሳ ሳንቲም ዝርዝር ከብር ነበር የተሠራው፡፡

ይህ ለሰብሳቢው የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፡፡ አብዛኛው የጥንት ጌጣችን ከቀለጠ ማርትሬዛ የተሠራ እንደመሆኑ የብሩ ጥራት ከ833 ብዙም አይርቅም፡፡ «የአያቴ ነው» ተብሎ በቀረበ ጌጥ ላይ 925 የሚል ማህተም ከታየ ዕቃው አዲስ ሳይሆን አይቀርም፡፡

ማህተም የሌለው ሥራ

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1300 ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኤድዋርድ ሕግ፣ የብር ዕቃ ተመርምሮ የጥራት ማህተም እንዲመታበት ታዟል፡፡ በጊዜ ሂደት የሠሪው ምልክትና ዓመቱም ተጨምሮበት፣ ዛሬ አንድ የለንደን ማንኪያ በማን እጅና መቼ እንደተሠራ ከመዝገብ ማግኘት ይቻላል፡፡ በእኛ ዘንድ ይህ ልማድ አልነበረም፡፡ አንጥረኛው «ቡዳ ነው» እየተባለ ይሸሽ ነበር፡፡ የእጁን ሥራ ግን ወይዛዝርቱ በአንገታቸው፣ ካህናቱ በእጃቸው ይዘውታል፡፡ ቤተ እስራኤላውያንን ጨምሮ ብዙ ባለ እጆች ስማቸው ሳይጻፍ አልፈዋል፡፡ ሥራቸው ብቻ ነው የቀረልን፡፡ አንድ አሮጌ ድሪ በቀለጠ ቁጥር የአንድ ስመ ጥፉ ባለሙያ የመጨረሻ ምስክር አብሮ ይጠፋል ብል ማጋነን አይሆንም፡፡

ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው መካከል የአንገት መስቀል፣ ጠልሰም፣ የክታብ ማኅደር፣ ጌጥም መገልገያም የሆነው ኩክ ማውጫ፣ ድሪ፣ አልቦና የጸጉር ወለባ ይገኙበታል፡፡ ከአንገት መስቀሎቹ አንዳንዶቹ ሳይቀልጡ በቀጥታ ከማርትሬዛው ላይ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው፡፡ በጀርባቸው የንግሥቲቱ ጸጉር ወይም የላቲን ፊደል ርዝራዥ የሚታይባቸው አሉ፡፡ የሐረር ጌጥ በቀጭን የብር ሽቦ ሥራው ይታወቃል፤ ወሎ ላይ ደግሞ የባቲ የሰኞ ገበያ የጌጥ መገናኛ ሆኖ ኖሯል፡፡ ዓይኑን ማሠልጠን የሚፈልግ ሰው ከገበያ በፊት ስድስት ኪሎ ሄዶ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምን መስቀሎች ቢያይ ይጠቅመዋል፡፡ ለዚያ ስብስብ ብዙ የደከሙት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ መስቀሎች ያዘጋጁት መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል፡፡

ሚዛንና ውኃ

አርቴፊሻል ጌጥ በራሱ ነውር የለበትም፡፡ ነውሩ ብር ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው፡፡ ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ የሚቀየጠው «የጀርመን ብር» ስሙ እንጂ ውስጡ ብር የለውም፡፡ ማግኔትም ብዙ አያጋልጠውም፡፡ ማግኔት የሚያጋልጠው ብረትን ነውና፡፡

ጌጡን ሳይፍቁና ሳይቆርጡ የሚለዩበት መንገድ አለ፡፡ በመጀመሪያ ጌጡ በዲጂታል ሚዛን ይመዘናል፡፡ ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ዜሮ ይደረጋል፡፡ ከዚያ ጌጡ በቀጭን ክር ታስሮ፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳይነካ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይንጠለጠላል፡፡ የመጀመሪያው ክብደት አሁን ለሚታየው ቁጥር ይካፈላል፡፡ ንጹሕ ብር 10.5 ገደማ፣ የማርትሬዛ ብር 10.2 ገደማ፣ የጀርመን ብር 8.7 ገደማ ይሰጣል፡፡ ለምሳሌ 102 ግራም የሚመዝን አምባር የማርትሬዛ ብር ከሆነ በውኃው ውስጥ 10 ግራም ያህል ያሳያል፡፡ የጀርመን ብር ከሆነ ግን ወደ 11.7 ይጠጋል፡፡ ውስጡ ባዶ የሆነ ወይም ሰም የተሞላ ጌጥ አየርና ሰም ስለሚይዝ በዚህ መንገድ አይፈተሽም፡፡

ብር መሆኑ ማርጀቱን አያሳይም፡፡ አዲስ መስቀል በጭስ ሊጠቁር፣ በአፈር ተቀብሮ ሊወጣ ይችላል፡፡ የዕድሜ ምልክት መታየት ያለበት ጌጡ በሚነካካበት ቦታ ነው፡፡ የማንጠልጠያው ቀለበት ውስጡ በክሩ ተበልቶ ይሳሳል፡፡ ደረት የሚነካው ጀርባ ይለሰልሳል፡፡ የድሪው ዘለበቶች እርስ በርስ የሚነካኩበት ጎን ይሞረዳል፡፡ ሁሉም ቦታ እኩል የጠቆረና እኩል የተፈጋፈገ ዕቃ ከሰው አንገት ሳይሆን ከወርክሾፕ የወጣ መሆኑን ያሳብቃል፡፡

ሕጉ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፡፡ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፤ ጥንታዊ ገንዘብንና ጌጣጌጥን ጭምር ይነካል፡፡ አዋጁ ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዳይገኝ አይከለክልም፡፡ ባለቤትነቱን ያውቃል፤ ከባለቤትነቱ ጋር ግን የመጠበቅና የማስመዝገብ፣ ሲሸጥም አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ ያስከትላል፡፡ ቅርስን እየገዙ እየሸጡ መነገድን ይከለክላል፡፡ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል፡፡ ኢትዮጵያ የቅርስ ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለውን የዩኔስኮን የ1970 ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፡፡ ሕግ ይሻሻላልና ከመግዛት በፊትም ሆነ ጌጥ ይዞ ከመጓዝ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ብልህነት ነው፡፡ «የእናቴ ድሪ ነው» የሚለው ቃል ኤርፖርት ላይ ብቻውን አያሳልፍም፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፡፡

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቅን ልቦና የገዛን ሰው ይጠብቃል፡፡ ዕቃው የተሰረቀ ሲሆን ግን ጥበቃው ይሳሳል፡፡ ቅን ልቦና ማለት ደግሞ ዓይንን መጨፈን ማለት አይደለም፡፡ የመጾር መስቀል፣ ጽና፣ አክሊል ወይም ጸናጽል ይዞ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ከየት እንዳመጣው ሳይጠይቁ መግዛት ቅንነት ሊባል አይችልም፡፡ በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተመለሰው ከአንድ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ነው፡፡ ገዢ ባይኖር ሌባውን ወደ ቤተ መቅደስ የሚያስገባው ምን ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የእቴጌ ጥሩወርቅ ልብስና የብር ጌጥ ዛሬም ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 ግን ከዚያው ዘረፋ የሆኑ፣ በእንግሊዝ ለጨረታ ቀርበው የነበሩ ዕቃዎች ከጨረታው ወጥተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፡፡ ከምዕት ዓመት ተኩል በኋላ እንኳ «ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ እንዳልሞተ ከዚህ ማየት ይቻላል፡፡

አጠባበቅና መዝገብ

ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ባለ ድኝ ምክንያት ነው፡፡ ስለዚህ በደረቅ ቦታ፣ በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጥ፡፡ ከሱፍና ከላስቲክ ይራቅ፡፡ በአመድና በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና መፈተግ ብሩን ይበላዋል፤ ወርቅ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ወርቁን ይገፈዋል፡፡ በለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይበቃል፡፡ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረውን ጥቁረት መተው ሥራው ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል፡፡

ከሁሉም በላይ ግን መዝገብ ይኑር፡፡ የማን ነበር? ከማን ተገኘ? በየትኛው አገርና በየትኛው ዓመት? ክብደቱና ፎቶግራፉስ? 56 ግራም የሚመዝን አልቦ በሚዛን ዋጋ ሁለት ማርትሬዛ ነው፤ ከዚያ አያልፍም፡፡ «የእናቴ እናት በሠርጓ ቀን ያደረገችው» የሚል አንድ መስመር አብሮት ሲኖር ግን የቤተሰብ ታሪክ ይሆናል፡፡ ያንን መስመር ሊነግሩን የሚችሉ እናቶች ዛሬ በሕይወት አሉ፡፡ ጌጡን ከመግዛታችን በፊት እነርሱን እንጠይቅ፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡