አስር ጣት፣ 1024 ሣጥን፦ የኤድዋርድ ሄንሪ ስም እና የሌሎች ሒሳብ

ለፋይዳ መታወቂያ ከተመዘገባችሁ አስሩንም ጣቶቻችሁን መሣሪያው ላይ አሳርፋችኋል። የማመሳከሩ ሥራ የኮምፒውተር ነው። ግን እስቲ አስቡት፦ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን፣ ስሙን የቀየረን ሰው በሺዎች ከሚቆጠሩ የአሻራ ወረቀቶች መሃል እንዴት ትፈልጉት ነበር?

በዚህ ጥያቄ ስሙ የሚነሣው እንግሊዛዊ ኤድዋርድ ሄንሪ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1850 ለንደን ተወለደ፤ በ1873 በእንግሊዝ ቅኝ በምትገዛው ህንድ የአስተዳደር ሥራ ጀመረ፤ በ1891 የቤንጋል ፖሊስ የበላይ ኃላፊ ሆነ።

አሻራን መጠቀም የእሱ ሐሳብ አልነበረም። ሌላው የቅኝ ግዛት ሹም ዊሊያም ሄርሼል በ1858 እዚያው ቤንጋል ውስጥ አንድ አቅራቢ ውሉን እንዳይክድ ብሎ መዳፉን በቀለም አስነክሮ አስፈርሞታል። ያልተፈታው ችግር ፍለጋው ነበር።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ጣታችሁን ተመልከቱ፤ መስመሮቹ እንደ አዙሪት ይሽከረከራሉ ወይስ አይሽከረከሩም? ከቀኝ አውራ ጣት ጀምራችሁ እስከ ግራ ትንሿ ጣት ከ1 እስከ 10 ቁጠሩ፤ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁም ጥንዶቹን 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ስጧቸው። አዙሪት ያለው ጣት የጥንዱን ዋጋ ያገኛል፤ የሌለው ዜሮ ነው። የሙሉ ቁጥር ጣቶችን ድምር ከላይ፣ የጎደሎዎቹን ከታች ጻፉና ለሁለቱም 1 ጨምሩ። አዙሪት ያለው የቀኝ አውራ ጣታችሁ ብቻ ከሆነ 1/17 ናችሁ።

ከላይ 32፣ ከታች 32 አማራጭ አለ፤ ሲባዛ 1024 ሣጥን። ኮምፒውተር የተማራችሁ ይሄን ቁጥር ታውቁታላችሁ፤ አስር ቢት ነው! እርግጥ ሣጥኖቹ እኩል አይሞሉም። ምንም አዙሪት የሌላቸው ሁሉ 1/1 ውስጥ ስለሚገቡ ያ ሣጥን ይጨናነቃል፤ ስለዚህ በሌሎች ምልክቶች እንደገና ተከፋፈለ።

ታዲያ ሒሳቡን ማን ሠራው? በዋናነት በሄንሪ ሥር የነበሩት ሁለት ህንዳውያን ፖሊሶች፣ አዚዙል ሐቅ እና ሄም ቻንድራ ቦስ ናቸው። በ1897 ካልካታ ላይ የአሻራ ቢሮ ተከፈተ፤ በ1900 መጽሐፉ በሄንሪ ስም ወጣ፤ ዘዴውም «የሄንሪ ዘዴ» ተባለ። እሱ በ1901 ወደ ስኮትላንድ ያርድ ሄደ፤ በ1903 የለንደን ፖሊስ ዋና ኮሚሽነር ሆነ። ሐቅ ከሠራተኞቹ ሁሉ የላቀ ድርሻ እንደነበረው ሄንሪ በደብዳቤ የመሰከረው በ1926 ነው፤ ያኔ ስሙ ከዘዴው ጋር ዓለምን ዞሮ ነበር።

ሄንሪን ሌባ ማለቴ አይደለም። ሒሳብ የሚችሉ ሰዎችን መርጦ ያሠራ፣ መንግሥትን ያሳመነ፣ ቢሮውን ያቋቋመ እሱ ነው፤ ይሄም ትልቅ ሥራ ነው። ግን በቅኝ ግዛት ቢሮ ውስጥ ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው የአለቃው ስም ነበር። በአንድ ሰው ስም የተጠራ ዘዴ ስታገኙ «አብሮት ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።