የዕቃ ቤት ደጅና የጎንደር ጉባኤ

ቤተ መጻሕፍት በተባለ ጊዜ፥ አንባቢ ብቻውን በዝምታ የሚቀመጥበት አዳራሽ በብዙ ሰው አሳብ ይሣላል። በጎንደር ዘመን ግን የመጻሕፍት ማኖሪያ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነበረ፤ በደጁም ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ሳይቀር ይሰበሰብበት ነበረ።

ሕዝቡን የሚያመጣው ንባብ አልነበረም፤ ርስት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ርስቱን የሸጠ ሰው ውሉን የሚያስጽፈው በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ነው። ስለዚህም ሻጭና ገዥ፥ ዋስና እማኝ፥ አለቃና ጸሓፊ በአንድ ላይ ይቆማሉ፤ የመሬቱ ስፍራ፥ በወርቅ ወቄት የተቈረጠው ዋጋ፥ የእማኞቹም ስም ተራ በተራ ይጻፋል። ሴቶችም በሻጭነትና በገዥነት በብዛት ተጽፈው ይገኛሉ። ቅዱሱ ቃል በመካከል በግዕዝ፥ የርስቱ ነገር በዳር ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ነው፤ የቀድሞውን የአማርኛ ስድ ንባብ የሚሻ ሊቅ ከዚህ ኅዳግ የሚበልጥ ምንጭ በቀላሉ አያገኝም። እንዲህ ሆኖ አንዱ መጽሐፍ ለካህኑ ጸሎት፥ ለባላገሩ ደግሞ ምስክር ሆነ።

በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ባስበዘበዙ ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ በዚያም ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ። ንጉሡ መጻሕፍትን መውደዳቸው አይካድም፤ ነገር ግን መጽሐፉ ወደ አምባ ሲወጣ እማኞቹ በጎንደር ቀሩ። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝ ላይ ብቻ መጫን እውነትን ማጉደል ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ። ምርኮውን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸክመው ወደ ደላንታ አወረዱት፤ በሐራጅም ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ 350 ያህሉ ለንደን ወደሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትን አስመለሱ። የቀሩት ግን ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይጠበቃሉ። የጎንደር ሻጮች፥ ገዦችና እማኞች ስም በኅዳጋቸው ተጽፎ ይነበባል፤ አንባቢውም ስለ ርስት የሚከራከር የልጅ ልጅ ሳይሆን ከሩቅ አገር የመጣ ተመራማሪ ነው።