ሰማያዊ ባርኔጣ የደፋው ሰው

እኛ ወንጌላውያን በሥዕል ጉዳይ ጠንቃቆች ነን። በአዳራሾቻችን ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ እንጂ የስቅለት ሥዕል ብዙም አናይም። ለዚህ ጥንቃቄ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1566 በኔዘርላንድስ ሕዝብ ወደ አብያተ ክርስቲያናት እየገባ ምስሎችን ሰባበረ። በኋላም የካልቪንን ትምህርት የተከተሉት ጉባኤዎች ግድግዳቸውን ኖራ ቀብተው በቃሉ ስብከት ጸኑ። ስለ መስቀሉ እጅግ ከሚናገሩት ሥዕሎች አንዱ የወጣው ግን ከዚያችው አገር ነው።

ሬምብራንት «የመስቀሉ መነሣት» የተባለውን ሥዕል የሣለው በ1633 አካባቢ ሲሆን ዛሬ በጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጧል። የተሣለው ለመሠዊያ አልነበረም። ቁመቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የወሰደውም የአገሪቱ ገዥ ልዑል ፍሬደሪክ ሄንድሪክ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ካቶሊካዊው ሩበንስ በአንትወርፕ ይህንኑ ታሪክ ከአራት ሜትር በላይ አስረዝሞ ለመሠዊያ ሥሎት ነበር። ዘመኑ ባሮክ የሚባለው ነው፤ ሠዓሊዎቹ ታሪኩን በከረረበት ቅጽበት ይይዙታል፣ ብርሃንን ከጨለማ ጋር ያፋጥጣሉ። በሩበንስ ሥዕል ዓይናችን በሰቃዮቹ ግዙፍ ጡንቻ ላይ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ጉልበት ከጌታ ላይ ዓይናችንን ይወስድብናል።

በሬምብራንት ሥዕል ዙሪያው ጨለማ ነው። ብርሃኑ ያረፈው በጌታ ገላና ከሥሩ ባሉት ጥቂት ሰዎች ላይ ነው። መስቀሉ ገና አልቆመም፤ ዘንበል እንዳለ እየተነሣ ነው። ግንዱን አቅፈው ከሚያነሡት መካከል አንዱ የሮም ወታደር አይመስልም። ሰማያዊ ባርኔጣ ደፍቷል፤ ልብሱም የጲላጦስ ዘመን አይደለም። ፊቱን ሬምብራንት በሌላ ጊዜ ከሣላቸው የራሱ ምስሎች ጋር ስናስተያየው ሰውዬው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሠዓሊው ራሱ ነው።

ሠዓሊዎች ራሳቸውን በሕዝብ መካከል መሣላቸው የተለመደ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዳር ቆመው እንደሚያዩ ምስክሮች ነው። ሬምብራንት እጁን ከግንዱ ላይ አደረገ።

አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የጌታን ደም በአይሁድ ላይ ብቻ ስታላክክ ኖራለች፤ በዚህም ሰበብ ብዙ የአይሁድ ደም ፈስሷል። እኛም በስቅለት ሰሞን ስንሰብክ ጲላጦስን፣ ቀያፋንና ይሁዳን ከስሰን ወደ ቤታችን የምንገባበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ኢሳይያስ 53 ግን በደሉ የእኛ እንደሆነ ይናገራል። ነቢዩ ራሱን ከሕዝቡ ለይቶ አላቆመም፤ ሬምብራንትም እንዲሁ።

ከመስቀሉ ኋላ ጥምጥም የጠመጠመ ፈረሰኛ አለ። የሚያየው ጌታን አይደለም፤ ፊቱን ወደ ውጭ መልሶ ሥዕሉ ፊት የቆመውን ሰው ትክ ብሎ ያያል።

ልዑሉ ሌላም ሥዕል ወስዷል፤ የጌታ ሥጋ ከመስቀል ሲወርድ የሚያሳይ ነው። በዚያም ሰማያዊ የለበሰ ሰው መሰላል ላይ ቆሞ የጌታን ክንድ ይዟል። ብዙዎች ሲያዩት፣ ያው ሬምብራንት ነው።