ሆለታን ለልጄ ላሳየው ነው

ፉጣ የምንኖር ሁላችን ሙረባዕ ቤተ መንግሥትን እናውቀዋለን። አሠሪዬ ልጆቿን ይዛ ስትሄድ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። «ይሄ ታሪካችሁ ነው» ትላቸዋለች። እኔስ የሰባት ዓመት ልጄን ምን አሳየሁት? ስለዚህ ዘንድሮ ለእረፍት አገር ስገባ እሱንና እናቴን ይዤ ሆለታ እሄዳለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው። አስተማሪዎቹ በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ዓመት ሳይሞላው ጣልያን ወረረን። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በሚያዝያ 1928 ጠላትን ለማገድ ጣርማ በር ወጡ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላም ወለጋ ላይ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ጦር ሲቋቋም ከነሱ መካከል አሉበት።

እኔም ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ነው የመጣሁት። ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰውም ለወገን እንደሚተርፍ ለልጄ እዚያው ቆሜ ልነግረው እፈልጋለሁ።

እናንተም ከሄዳችሁ ቦታው የጦር ግቢ ነውና አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ዝም ብላችሁ ፎቶ አታንሱ። እኛ ባይፈቀድልን እንኳ በሩ ላይ ሆኜ እነግረዋለሁ።